የጊታር ሶሎ ከዘፈኑ ወጥቶ የት ገባ?

ስድስት ክር

በየጊዜው አንዱ ብድግ ይልና «የጊታር ሶሎ ሞቷል» ብሎ ያረዳናል። ሶሎ ማለት ዘፋኙ ዝም ሲል ጊታሪስቱ ብቻውን የሚወጣበት ክፍል ነው። ስልኬን ስከፍት የማየው ግን ሌላ ነው። ፈጣን ጊታሪስት እንደ ዛሬ በዝቶ አያውቅም። ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ያሉ ልጆች አልጋቸው ጫፍ ላይ ቁጭ ብለው፣ ድሮ ቢሆን የመጽሔት ሽፋን ላይ የሚያወጣ ነገር ይጫወታሉ። ፊታቸው ላይ እንኳ ጭንቀት አይታይም።

ስለዚህ ሞተ አልሞተ የሚለው ክርክር አይመቸኝም። ችሎታው ሞልቶ ተርፏል። የጠፋው ሶሎው ዘፈኑ ውስጥ የነበረው ቦታ ነው።

ቦታ ስል ምን ማለቴ እንደሆነ ላሳያችሁ። የፒንክ ፍሎይድን «ኮምፈርተብሊ ነም» ክፈቱ። በ1979 የወጣ ነው (ዓመቱን በፈረንጆቹ ነው የምጠራው)። ሁለት ሶሎ አለው። የመጀመሪያው መሃል ላይ ገብቶ ቶሎ ይወጣል። ለስለስ ያለ ነው። ሁለተኛው ዘፋኙ ሲጨርስ ይነሣና ዘፈኑን ይዞት ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ቃል የሚባል ነገር የለም። ዴቪድ ጊልሞር ይህን የመጨረሻውን ሶሎ በአንድ ትንፋሽ አልተጫወተውም። ደጋግሞ ቀርጾ፣ ከየቅጂው የወደደውን እየመረጠ ነው ያገጣጠመው። ኖታዎቹ ያን ያህል ፈጣን አይደሉም። መካከለኛ ተጫዋች ለቅሞ ሊያወጣቸው ይችላል። ግን ሶሎውን ቆርጣችሁ ለብቻው ለጥፉት፤ ጉልበቱ በግማሽ ይወርዳል። ለዚያ ያበቁት ከእሱ በፊት ያሉት አራት ደቂቃዎች ናቸው።

ዛሬ የምሰማው እንዲህ አይደለም። ወይ ሶሎ አለ ዘፈን የለም፣ ወይ ዘፈን አለ ሶሎ የለም። ሁለቱ ተፋተዋል ባይ ነኝ። እናንተስ?

ሪፍ ይበቃኛል

ከተፋቱ ደግ አደረጉ።

1980ዎቹን ረሳኸው እንዴ ወንድሜ? ሁለተኛው አዝማች ያልቃል፣ ጊታሪስቱ አንድ እግሩን ሞኒተር (የመድረክ ስፒከር) ላይ ይሰቅላል፣ ከዚያ ጣት ሩጫ ይጀመራል። ዘፈኑ ስለ ሐዘን ይሁን ስለ መኪና ለውጥ የለውም፤ ሩጫው ያው ነው። ሰው ስለወደደው ሳይሆን ስለተለመደ ብቻ ይገባ ነበር።

ለዚህ ነው በ1991 የኒርቫና «ኔቨርማይንድ» ሲወጣ ብዙ ጆሮ እፎይ ያለው። ልብ በል፣ «ስሜልስ ላይክ ቲን ስፒሪት» ሶሎ አለው። ዘፋኙና ጊታሪስቱ ኮቤይን ምን ተጫወተ? ሲዘፍነው የነበረውን ዜማ ራሱን፣ ትንሽ አጠማዞ። አለቀ። ማንም ደግሞ «ይሄ ሰውዬ ስኬል (የኖታ ቅደም ተከተል) አያውቅም» ብሎ ካሴቱን አልመለሰም።

ከእሱ በፊትም ራሞንሶች ነበሩ። የ1976 የመጀመሪያ አልበማቸው 14 ዘፈን በ29 ደቂቃ ነው። ሶሎ የሚገባበት ቀዳዳ የለም።

የድሮ ማጫወቻ

ልጆች፣ ሁለታችሁም ታሪኩን ከመሃሉ ነው የያዛችሁት።

ሶሎ ያለ ዘፈን የስልክ ዘመን ነገር አይደለም። ኤዲ ቫን ሄለን በ1978 «ኢረፕሽን»ን ሲያወጣ ዘፈን አብሮት አልነበረም። 1 ደቂቃ ከ42 ሰከንድ ጊታር ነው። በሁለት እጁ የጊታሩን አንገት እየነካካ ያወጣው ድምፅ ስንቱን ጊታሪስት እንቅልፍ ነሥቶታል። ይህን ታፒንግ የሚባል ስልት እሱ አልፈጠረውም፤ ከእሱ በፊትም የሞከሩት ነበሩ። ሁሉም ሰው እንዲሞክረው ያደረገው ግን እሱ ነው።

የምወድለት ግን ሌላ ሥራውን ነው። በ1982 ለማይክል ጃክሰን «ቢት ኢት» ሶሎ ተጫወተ። ገንዘብም አልተቀበለበትም። ስቱዲዮ ሲገባ የተሰጠው ክፍል አልተመቸውም። ሶሎው የሚያርፍበትን የዘፈኑን ክፍል ቆራርጠው እንዲያቀያይሩት ጠየቀ፤ ከስሩ ያለው ኮርድ (አብረው የሚሰሙት ኖታዎች) ሌላ ሆነ። ከዚያ በኋላ ነው የተጫወተው። እስኪ አስቡት፤ በዚያ ዘመን በፍጥነት የሚፎካከረው ሰው የለም፣ እሱ ግን መጀመሪያ ያየው የሚቆምበትን መሬት ነው። ያ ሶሎ የሮክ ጠላት የነበረ ሰው ቤት ሁሉ ገብቷል።

ስድስት ክር ያልከው «ቦታ» ይኸው ነው። ጊታሪስቱ ሊጠይቀው ይገባል። ዝም ብሎ አይሰጠውም።

ስድስት ክር

ጋሼ ማጫወቻ፣ የኮርዱን ነገር ስላነሡት አመሰግናለሁ። ሶሎ ስናደንቅ ጣት ብቻ ነው የምናየው። ከስር ያለው ነገር ሲለወጥ ያው ኖታ ሌላ ትርጉም ይይዛል።

ባለ ቤዙ

ከስር ስላለው ነገር የሚያወራ ሰው በመምጣቱ ደስ ብሎኛል። ከስር ያለሁት እኔ ነኝ።

አንድ ጊታር ብቻ ያለው ባንድ ውስጥ ስትጫወቱ ሶሎ ሲጀመር ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ? ሪፉ (ዘፈኑን የሚሸከመው ተደጋጋሚ የጊታር ሐረግ) ይጠፋል። ያ ሁሉ ግድግዳ የሞላ ድምፅ ድንገት ይሄድና ቤዝና ድራም ብቻ እንቀራለን። ጊታሪስቱ ዓይኑን ጨፍኖ ሰማይ ነክቷል። አዳማጩ ግን «ባንዱ ምነው ሳሳ?» ይላል። ስቱዲዮ ውስጥ ሌላ ጊታር ከስር ደርበው ይሸፍኑታል፤ መድረክ ላይ መደበቂያ የለም።

ሬጅ አጌይንስት ዘ ማሺን ይህን በደንብ ፈትተውታል። ሪፉ ሲጀመርም የቤዝና የጊታር የጋራ ንብረት ነው። ስለዚህ ጊታሪስቱ ቶም ሞሬሎ ሲለቅ ቤዚስቱ ቲም ኮመርፎርድ ይዞት ይቀጥላል፤ ምንም አይፈርስም። ሞሬሎ ደግሞ በተገኘው ነፃነት ስኬል ከመሮጥ ይልቅ ድምፅ ይሠራል። ጊታሩ ሁለት ፒክአፕ (የክሩን ንዝረት የሚቀበል ማግኔት) አለው። የአንዱን ቮልዩም ሙሉ በሙሉ ይዘጋል፣ የሌላውን ይከፍታል። ከዚያ መሃል ያለችውን ማብሪያ ማጥፊያ መሰል መቀያየሪያ በፍጥነት ወዲያ ወዲህ ያደርጋታል። ድምፁ ይቆራረጣል፤ ዲጄ ሸክላ የሚፍቅ ይመስላል። አልበማቸው ላይ «ሳምፕል፣ ኪቦርድና ሲንተሳይዘር አልተጠቀምንም» ብለው ለመጻፍ የተገደዱት ለዚህ ነው። የሚያምን ሰው አልነበረማ!

እና ስድስት ክር፣ ሶሎ ቦታ ያጣው ጊታሪስቶች ስለሰነፉ አይደለም። በብዙ ዘመናዊ ሜታል ውስጥ ሪትም ጊታሩ ራሱ ቦታውን በልቶታል። ክሩን ያላላሉ፣ ግራና ቀኝ ደርበው ይቀርጻሉ፣ ከታች እስከ ላይ ይሞላል። ሶሎ የት ይግባ?

አንድ የሚያስቀኝ ነገር ልጨምር። ባለ ሰባት ክር ኤሌክትሪክ ጊታርን በ1990 በብዛት ሠርቶ ለገበያ ያወጣው ጊታር ሠሪው አይባኔዝ ነው፤ የተሠራው ለስቲቭ ቫይ። ቫይ ደግሞ የሶሎ ንጉሥ ነው። ከአራት ዓመት በኋላ ያንኑ ጊታር ኮርን የሚባለው ባንድ ልጆች አንሥተው ክሩን አላልተው፣ ሶሎ የሚባል ነገር የሌለበት አልበም ሠሩበት። ትውልድ ሁሉ ተከተላቸው።

ሪፍ ይበቃኛል

ባለ ቤዙ፣ እጅ ነሥቻለሁ። ኮርን ለዘላለም ይኑር።

ሰባተኛው ፍሬት

እኔ ደግሞ ከእናንተ ሁሉ ታናሽ ሳልሆን አልቀርም። ክርክራችሁ ላይ የጎደለ ነገር አለ። ሁላችሁም የምትፈልጉት አንድ የተወሰነ ቦታ ላይ ነው። ስንኝ፣ አዝማች፣ ስንኝ፣ አዝማች፣ ሶሎ። እዚያ ስታጡት ጠፋ ትላላችሁ።

ፖሊፊያ የሚባለውን ባንድ ስሙ። «ፕሌይንግ ጎድ» በ2022 የወጣ ነው። ዘፋኝ የለም። ጊታሪስታቸው ቲም ሄንሰን የናይለን ክር ያለው ኤሌክትሪክ ጊታር ነው የያዘው፤ ዲስቶርሽን (ድምፅ ማሻከር) የለ፣ ጩኸት የለ። ከስሩ ያለው ምት ከሂፕ ሆፕ የመጣ ነው። ሶሎው የት ይጀምራል? የትም። ሪፉና ሶሎው አንድ ሆነዋል። ቶሲን አባሲም እንዲሁ ነው። ባንዱ አኒማልስ አስ ሊደርስ ከ2009 የመጀመሪያ አልበማቸው ጀምሮ ዘፋኝ የላቸውም። ሰውየው ስምንት ክር ይዞ በአውራ ጣቱ እንደ ቤዝ ይመታዋል። ባለ ቤዙ ይቀናል።

ስለዚህ «ተፋቱ» አትበል ስድስት ክር። ሶሎው የራሱን ቤት ሠርቷል።

ስለ ስልክም እንነጋገር ካላችሁ፣ ስፖቲፋይ አንድ ዘፈን ተደመጠ ብሎ የሚቆጥረው 30 ሰከንድ ሲሞላ ነው። ዘፈን የሚሠራ ሰው ይህን ያውቃል። አዳማጩን መጀመሪያ ላይ መያዝ አለበት። ሦስተኛው ደቂቃ ላይ የሚመጣ ሶሎ ለዚያ ቁጥር ምንም አይጨምርለትም። ቪዲዮ ላይ ደግሞ በተቃራኒው ሶሎው ነው መጀመሪያ የሚመጣው። ሁለቱም ምክንያት አላቸው።

የድሮ ማጫወቻ

ልጄ፣ ስለ 30 ሰከንዱ ያልሽው ትክክል ነው፤ ግን ገበያ ሶሎ ሲቆርጥ የመጀመሪያው አይደለም። የገንስ ኤንድ ሮዝስ «ስዊት ቻይልድ ኦ ማይን» አልበሙ ላይ ስድስት ደቂቃ ሊሞላ ምንም አይቀረውም። ለሬዲዮና ለቴሌቪዥን ሲያሳጥሩት መቀሱ ያረፈው የጊታሪስታቸው የስላሽ ሶሎ ላይ ነው። አክስል ሮዝ በዚህ ተናዶ በአደባባይ ተናግሯል። ልብ በይ፣ የተናደደው ዘፋኙ ነው! የሚወደው ክፍል እንደነበር ነው የተናገረው።

ተጠራጣሪው

የስልኮቹ ቪዲዮ ግማሹ ውሸት ነው። በዝግታ ይቀርጹና ያፈጥኑታል። ወይ አራት አራት ኖታ እየቀረጹ ይሰፉታል። ይሄን ሁሉ አድናቆት ለማን ነው የምታዘንቡት?

ስድስት ክር

አንዳንዱ እንዲያ ያደርጋል፣ አልክድህም። ግን ማፍጠን ራሱ ጥንታዊ ነው። ሌስ ፖል በ1948 «ለቨር»ን ሲያወጣ ብቻውን ብዙ ጊታር ደርቦ ነው። ከጊታሮቹ የተወሰኑትን በዝግታ ቀርጾ በፍጥነት አጫውቷቸዋል። ሰው የሰማው የማይቻል ነገር ነበር። ማንም አጭበርባሪ አላለውም፤ ፈልሳፊ ነው የተባለው። ጊልሞርም እየቀጠለ ነው የሠራው አልኩህ እኮ። ልዩነቱ ያለው ቪዲዮው ላይ «አንዴ ተጫውቼ ነው» ብሎ መማሉ ላይ ነው።

ሪፍ ይበቃኛል

እሺ፣ ሶሎ የሚባለውን ሁሉ እንደማልጠላ እንድታውቁ ሁለት የምወዳቸውን ልጥቀስ።

ኒል ያንግ፣ «ሲናሞን ገርል»፣ 1969። ሶሎው በአንድ ኖታ ተሠራ ለማለት ይቻላል። ያንኑ ደጋግሞ ይመታዋል። ከስሩ ኮርዶቹ ይለዋወጣሉ፣ እሱ ንቅንቅ አይልም። ሁለተኛው ባዝኮክስ፣ «ቦርደም»፣ 1977። ሁለት ኖታ ብቻ ነው፤ እየተመላለሰ ያሾፍብሃል። ዘፈኑ ስለ መሰላቸት ነው፣ ሶሎውም ሆን ብሎ አሰልቺ ነው። ከዚህ የበለጠ ዘፈኑን ያወቀ ሶሎ አሳዩኝ።

ችሎታ ማለት ይሄ ነው ለእኔ።

ሰባተኛው ፍሬት

ወንድሜ፣ ባዝኮክስ ያስቁኛል። ግን «ችሎታ ማለት ይሄ ነው» ስትል ሌላውን አትድፋው። ፈጣን መጫወት ከባድ ነው፣ ከባድ ነገር ደግሞ መስማት ደስ ይላል። ሯጭ ሲሮጥ አይተን «ለምን አይራመድም?» አንልም።

ዝግታ ይበልጣል የምትሉ ሰዎች ቤንድን (ክር ገፍቶ ኖታውን ከፍ ማድረግን) ብታነሡ እሰማችኋለሁ። እዚያ ላይ እውነት አላችሁ። ሦስተኛውን ክር ይዘህ በሦስት ጣት ወደ ላይ ትገፋዋለህ። ኖታው ከሚቀጥለው አልፎ ሁለተኛው ፍሬት ላይ ያለውን መድረስ አለበት። ፍሬት (አንገቱ ላይ ያለው የብረት መስመር) አያግዝህም። ትንሽ ካነሰ ይጎረብጣል፣ ካለፈ ይጮኻል። የሚፈርደው ጆሮህ ብቻ ነው። ላይ ከደረስክ በኋላ ደግሞ ያንኑ ክር እንደያዝክ ቪብራቶ (ድምፅ ማወዛወዝ) ጨምርበት። ክሩ ጣትህን ይቆርጣል። በሰከንድ ደርዘን ኖታ የሚያወርዱ ልጆች እዚህ ላይ ሲንገዳገዱ አይቻለሁ። እኔም አንዷ ነኝ፤ ቪዲዮ ላይ ቤንድ ያለበትን ቦታ አልለጥፍም።

የድሮ ማጫወቻ

ጎሽ! ይሄን ነው መስማት የፈለግኩት።

ሜታሊካን ሳናነሣ እንዳንለያይ። በ2003 «ሴይንት አንገር» ሲወጣ አንድም ሶሎ አልነበረበትም። በዓመቱ ስለ አልበሙ አሠራር የወጣ ዘጋቢ ፊልም አለ። እዚያ ላይ ጊታሪስቱ ከርክ ሃሜት ሲከራከር ይታያል። ሶሎ ማስቀረት የወቅቱ ፋሽን ነው፣ አልበሙን የዚያ ዘመን ብቻ ያደርገዋል ነው ነገሩ። ተሸነፈ። በ2008 በሚቀጥለው አልበም ሶሎዎቹ ተመለሱ። ዛሬ «ሴይንት አንገር» ሲነሣ መጀመሪያ የሚወራው የስኔር ድራሙ ቆርቆሮ ድምፅና የሶሎው መቅረት ነው። ሃሜት ምን አለ!

ደግሞ በ2022 ምን እንደሆነ ታስታውሳላችሁ። «ማስተር ኦፍ ፐፔትስ» ከስምንት ደቂቃ ተኩል በላይ ነው፤ የ1986 ዘፈን። አንድ ተከታታይ የቴሌቪዥን ፊልም ላይ ስለተሰማ ብቻ ለመጀመሪያ ጊዜ ቢልቦርድ ሆት 100 ውስጥ ገባ። የገባው ተቆርጦ አይደለም፤ ሙሉው ዘፈን ነው። እዚያ ውስጥ ሁለት ሶሎ አለ። ዘፈኑ መሃል ላይ ይረጋጋል፣ ጊታሮቹ ንጹሕ ይሆናሉ፣ ያኔ የሚሰማው ዘገም ያለ ሶሎ የሄትፊልድ ነው። አዎ፣ የዘፋኙ! ብዙ ሰው የሃሜት ይመስለዋል። ቀጥሎ ሪፉ ይመለሳል፣ እየከበደ ይሄዳል፣ ያኔ ሃሜት በሩን በርግዶ ይገባል። አንዱ ያበርዳል፣ አንዱ ያቃጥላል። ቦታቸውን ብታቀያይሯቸው ሁለቱም ይሞታሉ።

ባለ ቤዙ

የዚያ መሃል ክፍል ከስር ያለው ቤዝ ይሰማችሁ። ክሊፍ በርተን ነው። (ከአሁን በኋላ ስለ ጊታር የሚያወራ ሁሉ አንድ የቤዝ ቃል ይጨምር፣ ግብር ነው።)

አዲስ ጣት

ይቅርታ ጀማሪ ነኝ። ከሶሎ የትኛውን መጀመሪያ ልልመድ? ሁሉም ከባድ መሰለኝ።

ስድስት ክር

ስትሮክስን ሞክር፣ «ላስት ናይት»፣ 2001። አጭር ነው፣ ጥርት ያለ ነው፣ ከቤትህ ወጥተህ ስትሄድ ታፏጨዋለህ። ያን ጊዜ ሶሎ ቀረ ሲባል እነሱ በእንዲህ ያለ ትንሽ ነገር መልሰው አስገቡት። ከጊታርህ በፊት በአፍህ ዝፈነው። በአፍህ ካልወጣ በጣትህም አይወጣም።

ሪፍ ይበቃኛል

ሁለቱን የባዝኮክስ ኖታ ልመድ። እስከ ማታ ትጨርሳለህ።

ሰባተኛው ፍሬት

ስድስት ክር፣ «ተፋቱ» ያልከውን የሚያፈርስ ምስክር አምጥቻለሁ። ኤክስትሪም፣ «ራይዝ»፣ 2023። ከ2008 ወዲህ አልበም አላወጡም ነበር። ጊታሪስታቸው ኑኖ ቤተንኮርት ከ50 ዓመት በላይ ነው። ዘፈኑ ዘፋኝ አለው፣ አዝማች አለው፣ ሶሎው ድሮ በነበረበት ቦታ ላይ ቁጭ ብሏል። መጨረሻው ላይ የሚያወርደው ሩጫ የጊታር ሰፈሩን ሁሉ አፍ አስከፍቷል። ታዲያ ሶሎው የት ነው ያለው? ዘፈኑ ውስጥ!

ስድስት ክር

ያንን ሶሎ ስንት ቦታ እንዳየሁት አልነግርሽም። አስተማሪው ሁሉ እያቆመ ያብራራዋል፣ ልጁ ሁሉ ይኮርጀዋል። ከወደዱት ወዳጆቼ ሦስቱን አዝማቹን አንጎራጉሩልኝ ብዬ ጠየቅኳቸው። አንዱም አላወቀውም። ሶሎው ዘፈኑ ውስጥ ተወለደ፣ ሰው ጋ የደረሰው ግን ብቻውን ተቆርጦ ነው።

ሰባተኛው ፍሬት

ወዳጆችህን ቀይር። እኔ አዝማቹን አውቀዋለሁ፤ ያወቅኩት ደግሞ በሶሎው በኩል ገብቼ ነው። ቁራጩን አየሁ፣ ሙሉውን ፈለግኩ፣ ከዚያ አልበሙን። ድሮ ሬዲዮ ዘፈኑን ያሰማና ሰው ሶሎውን ፍለጋ አልበም ይገዛ ነበር። አሁን በሩ ዞረ እንጂ ቤቱ ያው ነው።

ባለ ቤዙ

ከሶሎው ስር ያለውን ቤዝ ግን ሰምተሻል?

ሰባተኛው ፍሬት

አልሰማሁም። ግብሬን ልክፈል፣ ሄጄ ልስማው።